ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ሰሚሃ፣

ከደሴ ሐኪም ቤት ስትመለሺ አታገኚኝም። ውጫሌ ክፍል ይዣለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ባጃጅ በር ላይ አቁሜ ነው።

ቁልፉ ጎረቤት እትዬ ተሾመች ዘንድ አለ። አልጋሽን ከግድግዳው አርቄ ወደ በሩ አዙሬዋለሁ። ፍራሹ ከሥሩ ሻግቷል፤ ፀሐይ በወጣ ጊዜ አውጪው።

በግንቦት ቤቱን ለማየት ብቻዬን ስሄድ፣ ልክ ደላላው ቴሌግራም ላይ እንደለቀቀው ፎቶ ነበር፤ ቀለሙ አዲስ፣ በመስኮቱ ሐይቁ ይታያል። ስወጣ እትዬ ተሾመች ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «ልጄ፣ እዚህ ሰፈር ቤት የሚታየው በነሐሴ ነው» አሉኝ።

ገብቶኝ ነበር። ግን ቤት ፍለጋው ሰልችቶኝ ነበር። ላንቺ «ደረቅ ቤት ነው» አልኩሽ። አንቺም «አንቺ ካየሽው ይበቃኛል» ባትዪኝ ደግ ነበር።

ሳሉ የጀመረሽ በሐምሌ ነው።



ትናንት ደላላው የኔን ክፍል ለማከራየት ፎቶ ሊያነሳ መጣ። «ቁምሳጥኑን እርጥቡ ግድግዳ ላይ እናስጠጋው፣ እስቲ አግዢኝ» አለኝ።

አብሬው ገፋሁ።

ቅዳሜ አንዲት ልጅ ክፍሉን ልታይ ትመጣለች። አንቺ በዚያ ደረትሽ ቁምሳጥን እንዳትገፊ፤ እትዬ ተሾመች ሰው ይዘው ይምጡልሽ። ልጅቷ ግድግዳውን ትየው። ለኔ የነገሩኝንም ይንገሯት።

እሷ እንኳ ትስማቸው።

አላህ አፊያ ያድርግሽ።

እየሩስ