አስራ አንድ ወር ሙሉ ያልተነቃነቀው የእህቴ የደም ግፊት

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የደም ቧንቧዎችዎ እንደ ልጅነትዎ ለስላሳ ሆነው እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። አንድ ቀን እርስዎም እዚሁ ጣቢያዎ የሚለኩ ከሆነ ከምኞት በቀር መተማመኛ አይኖርዎትምና።

እኔና ታናሽ እህቴ በአረጋውያን ክትትል ክፍልዎ የተመዘገብነው አምና ነው። ሰው ሲያረጅ የደም ቧንቧው እንደቆየ የውሃ ጎማ እንደሚደርቅ፣ ልብም ደሙን ለመግፋት እንደምትታገል፣ ይህም ሳያሳምም ቆይቶ አንድ ጠዋት ሰው እንደሚጥል በአዳራሹ ቆመው ያስረዱን እርስዎ ነዎት። አመንን። እህቴ ሐኪም ቤት ሲባል የምትሸሽ ሰው ናት፤ እጇን ይዤ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩. የቧንቧን መድረቅ የሚለካው መሣሪያ ሲመረቅ ሪባኑን እህቴ እንድትቆርጥ ስለፈቀዱላት አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያውን ያየሁት በቢሮዎ ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ነው። አቧራ እንዳልነካው እመሰክራለሁ።

፪. ነርሶችዎ አረጋውያንን ልብስ በማስወለቅ ስለማያስቸግሩ አመሰግናለሁ። ደረጃውን ወጥተን ትንፋሻችን ሳይመለስ፣ በሹራባችን ላይ ጠቅልለው ይለኩንና ቁጥሩን ካርዳችን ላይ ጽፈው «ለዕድሜያችሁ ደህና ናችሁ» ብለው ይሸኙናል።

፫. ስለ ካርዳችሁ ንጽሕና ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ከመደርደሪያችሁ የማይወጣ በመሆኑ እኔ ያየሁት እህቴ ከወደቀች በኋላ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም አምጪ ሲለኝ ነው። አስራ አንድ ወር፣ አስራ አንድ መስመር፣ ሁሉም አንድ መቶ ሠላሳ በሰማንያ፤ በአንድ እጅ ጽሕፈት፣ ያለ አንድ ስርዝ ድልዝ። ሐኪሙ ሲለካት የላይኛው መቶ ዘጠና አምስት፣ የታችኛው ሰባ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት ቧንቧዋ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ሲደርቅ እንደነበር የሚጠቁም ነው አለኝ። የመጨረሻው መስመር ደግሞ የተሞላው በወደቀች በማግሥቱ ነው። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት ሆስፒታል በተኛችበት ቀን፣ እናንተ ዘንድ በእግሯ መጥታ፣ ተለክታ፣ ደህና ሆና ተመልሳለች።

፬. ለአራተኛው ማመስገን አቃተኝ። እህቴ ራሴን ያዞረኛል፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል ስትለኝ፣ በቀይ እስክሪብቶና በአለንጋ የተማርኩት እኔ፣ መዝገብ የያዘው ነገር እውነት ነው ብዬ ያረጀሁት እኔ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ፤ የተማሩ ሰዎች ደህና ነሽ ብለው ጽፈዋል» አልኳት። አልተከራከረችኝም፤ ታላቋ ነኝ። ዛሬ ውሃ ሳጠጣት በግራ እጇ እጅጌዬን ትይዛለች እንጂ ቃል አይወጣትም። ምን ልትለኝ እንደፈለገች አላውቅም፤ የምትለኝን ግን ሰምቼ ቸል ያልኳት በእናንተ ቁጥር ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። በመግቢያው ግድግዳ ላይ ያለውን፣ እህቴ በምረቃው ዕለት መቀስ ይዛ የምትስቅበትን ፎቶ አውርደው ይላኩልኝ፤ በቦታው ዳንቴሉን ይስቀሉት፤ መሣሪያውም ሰው ይለካበት።

ያስተማሩኝን አክብሮት ሳላጓድል፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

በእርስዎ ተማምና እህቷን የመከረች፣
የአንድ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ የእህቴ ቀጠሮ ማክሰኞ ጠዋት ነው። መምጣት አትችልም፤ ለመለካት መገኘቷ እንደማያስፈልግ ስላየሁ ግን አልጨነቅም። የምመጣው እኔ ነኝ። የራሴንም ካርድ አስወጥቼ አየሁት፤ ያው አንድ መቶ ሠላሳ በሰማንያ ነው። ሹራቤን ቤት ትቼ እመጣለሁ።