ያሳደገ ይቅደም፦ የካርድ አታሚው የአቶ አክሊል ወልደሥላሴ የሕይወት ታሪክ (1950–2017 ዓ.ም.)

አቶ አክሊል ወልደሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ በዛብህ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ደምሴ በክብረ መንግሥት ከተማ ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በመንግሥት ሥራ ከመንዝ የመጡ ጸሐፊ ነበሩ። አቶ አክሊል ስምንት ዓመት ሳይሞላቸው ሁለቱንም ወላጆቻቸውን በአንድ ክረምት አጡ። ከዚያ በኋላ ያሳደጓቸው በአሥር ዓመት የሚበልጧቸው እኅታቸው ወ/ሮ የሺ ወልደሥላሴ ናቸው። ወ/ሮ የሺ ወንድማቸውን ይዘው ሻኪሶ ገቡ፤ ለወርቅ ቆፋሪዎች ጠላ እየጠመቁና አረቄ እያወጡ አስተማሯቸው። ራሳቸውም ፊደል የቆጠሩት ከወንድማቸው ደብተር ላይ ነው።

አቶ አክሊል ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አዲስ አበባ ሄደው በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቀማ ተማሩ። ሥራው ከቀለጠ የእርሳስ ብረት የተሠሩ ፊደላትን ከመሳቢያ አንድ በአንድ እያነሱ በመስመር መደርደር ነው። በ1970 ዓ.ም. ነጌሌ ቦረና በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኅትመት ክፍል ተቀጠሩ። በ1976 ዓ.ም. የነጌሌ ተወላጅ ከሆኑት ከወ/ሮ ዲንኪቱ ዋሪዮ ጋር ትዳር መሥርተው ልጆቻቸውን መቅደላዊትንና ናሆምን አፈሩ። ናሆም በተወለደ ጊዜ ወ/ሮ ዲንኪቱ በጠና ስለታመሙ መቅደላዊት ሻኪሶ ተወስዳ አራት ዓመት በአክስቷ እጅ አደገች።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የኅትመት ክፍሉ ተዘጋ፤ በእግር የሚረገጠው ማተሚያም ለጨረታ ወጣ። ወ/ሮ የሺ የጆሮ ወርቃቸውን አውልቀው ለወንድማቸው ሰጡ። አቶ አክሊል በወርቁ ሽያጭ ማሽኑን ገዝተው በ1984 ዓ.ም. ከመናኸሪያው ጀርባ የካርድ ቤታቸውን ከፈቱ። ወ/ሮ ዲንኪቱ ከቦረና የወተት ዕቃ ስፌት ላይ ያወጡትን ሐረግ እርሳቸው በእንጨት እየቀረጹ በካርዱ ጠርዝ ያትሙት ነበር። የእንቁጣጣሽ፣ የገና፣ የዒድ፣ ወልዳ ለተነሣች አራስ የሚላክ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰርግ ካርድ ሠርተዋል። ወዳጃቸው አቶ አብዱባ ካርዱን በአውቶቡስ እስከ ያቤሎ ያደርሱላቸው ነበር። አቶ አክሊል በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ብልጭልጭ ጨምሩልኝ ያላቸውን ደንበኛ «ብልጭልጭ ከፈለግህ ከረሜላ ግዛ» ብለው ይመልሱት ነበር።

የሰርግ ካርድ ሊያሠራ የመጣን ሰው ስንት ካርድ ትፈልጋለህ ከማለታቸው በፊት «ልጁን ማን አሳደገው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጠሪ አክባሪ ነው፤ ከጠሪዎች መካከል ደግሞ ያሳደገ ይቅደም የሚል የማይናወጥ ደንብ ነበራቸው። በዚህ ከተማ ስንት እንጀራ እናት፣ ስንት አክስት፣ ስንት ጎረቤት ስሟን በኅትመት ያየችው በእርሳቸው ግትርነት ነው። ዛሬ እዚህ ከቆማችሁት መካከልም አላችሁ።

በጥር ወር 1999 ዓ.ም. ልጃቸው መቅደላዊት የያቤሎውን አቶ ቢንያምን ስታገባ ካርዱን ያተሙት ራሳቸው ናቸው። በጠሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የወ/ሮ የሺ ስም አልነበረም። ወ/ሮ የሺ ካርዱን ይዘው ከሻኪሶ መጡ። ከእንግዶች ጋር በድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ፤ ሙሽራዋን ስመው፣ ስጦታቸውን ሰጥተው በዚያው ቀን ተመለሱ። ከዚያ ወዲያ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። ከተማውም «የሰውን አሳዳጊ ሲጠይቅ ኖሮ የራሱን ረሳ» ብሎ አማቸው።

የሕይወት ታሪክ ደንቡ ስለ ሟች መናገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን ደንቡን እጥሳለሁ። ይህን የጻፍኩት እኔ መቅደላዊት ነኝ። አባቴ አልረሱም። መጀመሪያ የደረደሩት መስመር የእቴቴ የሺ ስም ነበር። የባለቤቴ ቤተሰቦች ባለሥልጣኖች ስለነበሩ «የሺ ማን ናት?» ብለው ጠይቀው «ሻኪሶ አረቄ የምትሸጠው» እንዳይባሉ ፈራሁ። «አባዬ፣ የእቴቴን ስም አውጣው» አልኩ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ «አንቺን ማን አሳደገሽ?» አሉኝ። አለቀስኩ። መስመሩን አወጡት። አማቾቼ ግን ካርዱን ካነበቡት በኋላ ስለ ጠሪዎቹ አንድም ነገር አልጠየቁም። ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት አፍራለሁ።

አባቴ ጥፋቱ የልጄ ነው ብለው ለማንም አልተናገሩም፤ ለእናቴም ጭምር። አቶ አብዱባንና አንድ ቄስ ይዘው ሦስት ጊዜ ሻኪሶ ድረስ ለእርቅ ሲሄዱ «የበደልኩ እኔ ነኝ» አሉ። እቴቴም «እኔ የጎደልኩት ከወረቀት ላይ ነው፤ በወረቀት ይመልሰኝ» ብለው መለሱ። አቶ አብዱባ አባቴን ሲያጽናኑ «አክሊል፣ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው፤ ቂም የለም። ወረቀቷን ግን ትጠብቃለች» ይሉ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የታተመ ደግሞ ይብሳል።

አባቴ ቃሉን እንደ ቃሉ ወሰዱት። የእኅታቸውን ስም እንደገና ደርድረው፣ በሲባጎ አስረው፣ ለናሆም ሰርግ ካርድ ብለው በመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጡት። ፊደል ሲያጥራቸው ያንን ከመፍታት ይልቅ ከእንጨት ይቀርጹ ነበር። በቤታችሁ ከሌሎቹ ወፈር ያለ ፊደል ያለበት የሰርግ ካርድ ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው። እኛ ፊደሉ አርጅቶ ይመስለን ነበር።

ናሆም በ2006 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. እዚያው አገባ። ጥሪው በስልክ በፎቶ መጣ። አባቴ ስልኩን አገላብጠው አዩና «ወረቀቱስ?» አሉ። ሳቅንባቸው። ባልሳቅን! ደንበኛውም ወደ ኮምፒውተር ካርድ ስለዞረ በዚያው ዓመት የካርድ ቤቱን ዘጉ። በሲባጎ የታሰረውን መስመር ግን በመሀረብ ጠቅልለው ቤት ወሰዱት።

አቶ አክሊል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በሐዋሳ በሕክምና ሲረዱ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በመጨረሻው ሳምንት መሀረቡን ለእኔ ሰጥተው «ከቤታችን የሚወጣው ቀጣይ ወረቀት ላይ አድርጊው» አሉኝ። ቀጣዩ ወረቀት ይህ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሌላው ጽሑፍ በኮምፒውተር ተሠርቶ አንድ መስመር ባዶ ቀረ። ዛሬ ጠዋት የተዘጋውን ካርድ ቤት ከፍተን፣ አቶ አብዱባ ቀለሙን እየቀቡ፣ እኔ ማሽኑን እየረገጥኩ መስመሩን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አተምነው። አቶ አክሊልን በሐዘን የሚሸኙት ቤተሰቦች እነዚህ ናቸው፦

ያሳደጓቸው እኅታቸው
ወ/ሮ የሺ ወልደሥላሴ

ባለቤታቸው ወ/ሮ ዲንኪቱ ዋሪዮ፣ ልጆቻቸው መቅደላዊትና በስልክ አብሮን የሚያለቅሰው ናሆም፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ ወዳጃቸው አቶ አብዱባ።

ፈጣሪ የወንድማችሁን፣ የአባታችንን ነፍስ ስሟ ከማይፋቅበት መዝገብ ያስፍርልን፤ የሸኛችሁልንን ሁሉ በደስታ ጥሪ ያገናኘን።

እቴቴ፣ ከሻኪሶ መጥተሽ ከፊት ተቀምጠሻል፤ ዓይንሽ እንደደከመ አውቃለሁ። የእርሳስ ፊደል ጠብቆ ሲታተም ወረቀቱ ላይ ይሰረጉዳል። በጣትሽ ዳስሺው። ከሁላችንም በላይ ነሽ።