ጽፈህ ያጠፋሃት

ውድ ጭራሮ፣

ደውዬ ልነግርህ ነበር። ግን አንተ ገና ድምፄን ስትሰማ «ደህና ነኝ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ነው» ብለህ ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጋው ተውኩት። ደብዳቤ አይዘጋም፤ አርፈህ አንብብ።

ክኒንህን የሚያስታውስህ መተግበሪያ የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ነው፤ በግድ ስልክህ ላይ የጫንኩልህም እኔው ነኝ። ሰሞኑን የተጠቃሚዎችን መረጃ በምን መንገድ እንከታተል በሚል ስንነታረክ ከረምን። አንደኛው መንገድ ስክሪኑ ላይ የሚነካውንም የሚጻፈውንም ሁሉ በራሱ የሚቀዳ መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቁጭ ብለን «ይህን እንመዝግብ፣ ያ ግን አያገባንም» ብለን አስቀድመን መምረጥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ልቡ ወደ መጀመሪያው ሸፍቷል። የመጨረሻውን ቃል ግን ለእኔ ሰጥቶኛል። መሣሪያው ለሙከራ ተከፍቶ ስለሰነበተ፣ ማክሰኞ ከምሳ በፊት የቀዳውን ልናይ ስብሰባ ክፍል ገባን።

ግድግዳው ላይ ከአንድ ሰው ስልክ የተቀዳው ተከፈተ። ከላይ «ጭራሮ» ይላል። በቅጥነትህ ያወጣሁልህን ስም ወደህ የምትጽፍ አንተ ብቻ ነህ። «ዛሬ እንዴት ነህ?» በምትለው ሳጥን ውስጥ ፊደሎቹ ብቅ ብቅ አሉ፦ «መድኃኒቱን ትቼዋለሁ። እጄን እያንቀጠቀጠው እንዴት ሰው ልላጭ?» ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት እየተለቀሙ ጠፉ። በቦታቸው «ደህና ነኝ» ተጻፈ፤ «ወስጃለሁ» የሚለው ቁልፍ ተነካ።

አንተ መሆንህን ከእኔ በቀር ያወቀ የለም። ሥራ አስኪያጁ ግን ፊቱ በራ። ባንቀዳው ኖሮ ይህ ሰው ሸውዶን ያልፍ ነበር አለ። አልዋሽህም፣ ለአፍታ ልቤ ተከፈለ። መሣሪያው ባይኖር፣ ያ የሚጥል በሽታህ ፀጉር ቤትህ ውስጥ ምላጭ እንደያዝክ ሲጥልህ ነበር የምሰማው።

«ሰውየው እኮ አጥፍቶታል» አልኩት። «ያጠፋው እንዳናየው ነው።»

«ታዲያ ሲጎዳ ዝም ብለን እንየው?»

መልስ ፍለጋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ፤ ያኔ ነው የታየኝ። ለካ የሰጠንህ ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው፤ «ወስጃለሁ» እና «በኋላ አስታውሰኝ»። አልወሰድኩም ለሚል ሰው መውጫ የለውም። ስልኩን ዝም ለማሰኘት የግድ መዋሸት አለበት። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተሰብስበን ይህን አላየንም፤ ጉድ እኮ ነው። ይህንኑ ነገርኩት፦ እውነቱን የሚናገርበት ቁልፍ ሳንሰጠው ጓዳውን ልናይ አይገባንም።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ተዘጋ። የቀዳው ሁሉ ተሰርዟል፣ ያንተም። «አልወሰድኩም» የሚል ቁልፍ እየገባ ነው፤ ምክንያቱን መናገር የፈለገ ከሥሩ ይጽፋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። የምንመዘግበው ሰው ወዶ የላከልንን ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ አኩርፏል። ይለቀዋል፤ ትክክል መሆኔን እሱም ያውቃል።

እኔ ግን ያየሁትን አላየሁም ማለት አልሆነልኝም። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ሐኪምህ እጅህን የማያስቸግር ሌላ መድኃኒት ይፈልግልህ ይሆናል፤ ካልነገርከው ግን ከየት ያውቃል? እሱ ጋ አብሬህ እሄዳለሁ። አልቆጣህም። እሺ፣ ትንሽ እቆጣለሁ። ብትሞትብኝ ምን ይውጠኛል፣ አንተ ክፉ?

ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ወንበርህ ላይ እቀመጣለሁ፤ ፀጉሬ አድጓል። እጅህ ቢንቀጠቀጥም ቁረጠኝ፣ ቢበላሽም ያድጋል። ምንም አልጠይቅህም። ፎጣውን አንገቴ ላይ ስታስርልኝ፣ ያቺን ያጠፋሃትን ነገር ከፈለግክ ራስህ ንገረኝ። አዲስ እንደሰማሁ ሆኜ እሰማሃለሁ።

በግድ የምትወድህ እህትህ