ጋልገሎን ሳናረዳው የዋልንበት ቀን

ውዴ አስፋው፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎታል። ሙት ዓመትህን አውጥቼ፣ ጥቁሩን አውልቄ፣ እንደ ወጉ ነጭ ነጠላ መልበስ ጀምሬአለሁ። ሀገረ ማርያም ያለው ቤታችን ደህና ነው፤ ጣሪያው ግን ማፍሰሱን አልተወም። ልጅህ ወንበርህን ወርሳ፣ እንግዳ ሲቀመጥበት ፊቷን ታጠቁራለች።

ባለፈው ሳምንት ነገሌ ሄጄ ነበር። የድሮ ጎረቤታችን በላይነሽ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ እያለች ስትልክብኝ ከርማ፣ በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ መንገድ አድሬ ጠዋት ደረስኩላት። አቧራውን አትጠይቀኝ። ገና በር ላይ እንዳቀፈችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ወዳጅህ ጋልገሎ ከብቱን ይዞ ከዓመት በላይ ከቆየበት ከዶሎ በኩል ትናንት መመለሱንና ያንተን ነገር ገና አለመስማቱን ነገረችኝ። መርዶ በማለዳ ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እናረዳዋለን፣ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ። እሺ ሳልላት ጋልገሎ ራሱ ከች አለ።

ሰላምታው እንደሆነ አያልቅም፤ ሁሉን በየተራ ሰላም ነው ወይ ይላል። አካም፣ ናጋ? ልጅቷ ናጋ? ከብቱ ናጋ? ከብት እንደሌለን እያወቀ። አስፋውስ፣ ናጋ? አለኝ። ናጋ አልኩት። ምን ልበለው? በላይነሽ ፈጠን ብላ፣ ሥራ አልለቅ ብሎት ነው የቀረው አለችልኝ።

ከዚያማ ከተማው እንዴት እንደተለወጠ አብረን ካላየን ብሎ ይዞን ወጣ። ቁርስ ሶማሌዎቹ ሻይ ቤት በላን፤ ቅመም የበዛበት ሻይ በወተትና ያ እንጀራ የሚመስል ስስ ቂጣቸው። ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት አጥር ጋ ስንደርስ ሳቁ መጣበት። ገና አገሩን ሳትለምድ አንዱን የቦረና ሽማግሌ ስንት ከብት አለዎት ብለህ የጠየቅህበትን ቀን አነሳ። ከብት እንደማይቆጠር ማን ነግሮህ! ሰው ሁሉ ጸጥ ሲልብህ ያልሰሙህ መስሎህ ጮክ ብለህ ደገምከው። በላይነሽ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ።

ምሳ ፓስታ በፍየል ሥጋ ነበር። የአስፋው ጉልበት ተሻለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዝናብ ሲመጣ ያመዋል አልኩት። ከዚያ ሳልጠየቅ ቀጠልኩ። መነጽሩን አሁንም በየሄደበት ይጥላል፣ ሬዲዮ ከፍቶ ይተኛል፣ ብዘጋበት ይነቃል አልኩ። በላይነሽ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አልተውኩም። ጣፈጠኝ፣ አስፋው።

ከሰዓት በኋላ ገበያ ገብተን ሽርጥ ገዛልህ። ሰማያዊውን ሲያነሳ፣ የለም፣ እሱ አረንጓዴውን ነው የሚወደው ብዬ አስለወጥኩት። እስኪመሽ ድረስ ቀኑ እንዳያልቅብኝ ቀስ እያልኩ ነበር የምራመደው።

በማግስቱ ማልደን፣ ሽማግሌዎች ይዘን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጁ ቆምን። ወጥቶ ናጋ? አለን። ነጠላዬን አየ፣ ገባው፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን በእጄ አፈር ያለበስኩህ፣ ሙት ዓመትህን ያወጣሁ ሴትዮ፣ ያን ጠዋት እንደሰማ ሰው ጮኽኩ። እሱን ሊደግፉ የመጡት ሽማግሌዎች እኔን ያዙ። ተነስቶ ያባበለኝ ጋልገሎ ነው። ስለ ትናንቱ ወሬዬ አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ እንባዬን በታጠቀው ሽርጥ ጫፍ ጠረገልኝ።

ጋልገሎ በየዓመቱ ነይ ብሎኛል፣ እሄዳለሁ። በነዚያ መንገዶች እየዞርን ስምህን እናነሳለን፤ እኔ እያለሁ አትረሳም። ለነፍስ አባቴም ኃጢአቴን ሁሉ እናዘዛለሁ። ያን ቀን ስለ አንተ የዋሸሁትን ግን፣ ንስሐ ግቢበት እንዳይሉኝ፣ አልነግራቸውም።

ያንተው ባለቤት