ጉም ውስጥ የሰማሁት ድምፅ

ሐሙስ

ዛሬም ለሰዒድ የጋብቻ ጥያቄ መልስ አልሰጠሁም። ሐያት ቀሚሷን ልታስጠብብ ሱቄ መጥታ፣ «ዘይኑ፣ ሰዒድ እየጠበቀ ነው እኮ። እሺም እምቢም በይው» አለችኝ። የወንድሜ የከማል ሚስት ናት፤ ነገር ሆዷ አያድርም።

ምን ልበላት? የመጀመሪያው ባሌ አፉ ማር ነበር። ያን ሁሉ ማር አጉርሶኝ በስልክ ፈታኝ። ሰዒድ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ሽንኩርቱንና ማሾውን ያርሳል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። እኔን ሲያይ ሰላም ብሎ መሬት መሬት ያያል። ከዝምታ ጋር ይኖራል እንዴ?

ሐያት መላ አመጣች፦ ቅዳሜ እሷና ከማል፣ እኔና ሰዒድ፣ አራታችንም ከደብረ ሲና በላይ ያለውን ተራራ እንወጣለን።

ዓርብ

ሙቀቱ አናት ይበሳል። የከማልን ጃኬት ተውሻለሁ። ሸራ ጫማ፣ ቴምር፣ ውሃ። ብርድ እፈራለሁ፤ ሰዒድን ከብርዱ በላይ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ሲያልፍ፣ «ነገ ይመጣሉ?» አልኩት። «ኢንሻ አላህ» ብሎ ሄደ። ይቺው ናት።

ቅዳሜ

አሁን ገና ቤት ገባሁ፤ ሳልተኛ ልጻፍ።

ጠዋት ጫካው ውስጥ ገባን። ጥዶቹ አርጅተው ከቅርንጫፋቸው የዛፍ ሽበት ይንጠለጠላል። መሬቱ እንደ ፍራሽ ይሰምጣል። ከዛፎቹ በላይ የአስታው ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ የጓሳው ሣር፤ ነፋሱ ሲያበጥረው ይተኛል፣ ይነሳል። ረጃጅሞቹ የጅብራ ተክሎች እንግዳ ሊቀበሉ የወጡ ሰዎች ይመስላሉ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር እየነጩ ቀና ብለው አዩንና ናቁን። በሕልሜ የምሄድ መሰለኝ፤ እግሬ አይደክምም፣ ሐሳብ የለኝም።

ጫፉ ሲቀርብ ጫማዬን ላስር ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ሰው የለም። ጉም ከገደሉ ወጥቶ ሁሉን ውጦታል። «ሐያት!» አልኩ፤ ድምፄ እዚያው እግሬ ሥር ወደቀ። ጥቂት እንደተራመድኩ አንድ ድንጋይ ተንከባለለ። ሲያርፍ አልሰማሁም። ቁጭ አልኩ። ከዚያ፣ «ሰዒድ! የት ነህ?» ብዬ ጮህኩ። ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምለው። ለምን እሱን እንደጠራሁ አላውቅም።

ያኔ አዛን ሰማሁ። የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ደርሶ ነበር። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ጉሙን ሁሉ የሞላ። ይሄ የዚያ የማይናገረው ሰውዬ ነው? አዛኑ ሲያልቅ ድምፁ ይጠፋል ብዬ ስፈራ ቀጠለ፦ «ዘይነብ፣ እዚህ ነኝ። ወደ ድምፄ ነይ። ቀስ በይ።» ሳያቋርጥ፣ ሳይቸኩል። እየዳህኩ ደረስኩ። ከማል ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሐያት ታለቅሳለች። ሰዒድ ጋቢውን ደረበልኝ።

«ከማል ሊፈልግሽ ሊሮጥ ሲል ያዝኩት» አለኝ። «ሁላችንም ከተበተንን ወዴት ትመጫለሽ ብዬ።»

ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተቀደደ። ቆላችን በሙሉ ከሥራችን፤ ማሳው እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ወንዙ እንደ ክር። ብዙ ቆየን። ማንም እንሂድ አላለም።

እሑድ

ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ከሰዓት ሰዒድ ከደጅ ቆሞ፣ «እግርሽ እንዴት አደረ?» አለ። ወንበር አወጣሁለት። ድፍረት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ለምንድን ነው የማትናገረው?» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «የምለው ሳይኖር እንዳልቀባጥር ነው። ጠይቂኝ እንጂ እመልሳለሁ።»

ጠየቅኩት። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሕመሟ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ቤቱ እንዴት እንደነበር። አንዱንም አልዘለለም። የአስር ሶላት እስኪሰገድ አወራን።

ሰኞ

ለከማል፣ «ሰዒድ ሽማግሌ ይላክ» አልኩት። መልካሙን አላህ ያውቃል።

ሱቅ ከፍቼ ስሰፋ ሳላስበው ሳንጎራጉር አንዲት ደንበኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። የቀሚሷን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ ለካ። ሳቅን። ተርትሬ እንደገና ጀመርኩ።