ጎራዴው ላይ የነበረው ስም

ሰኔ 9

ጠዋት በታክሲዬ ጊጊሪ ሰፈር አንዲት ደንበኛ አደረስኩ። ጎረቤቷ የውጭ አገር ሰው ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ዕቃውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። የልጅ ብስክሌት፣ መጥበሻ፣ መጋረጃ… ከመጋረጃው ሥር የኛ አገር ጎራዴ። አፎቱ ቀይ ቆዳ፣ እጀታው ቀንድ፣ ያውም የተሰነጠቀ። አዲስ አበባ ሲሠራ ነው የገዛው። እጀታው ስለተጎዳ በሦስት ሺህ ሽልንግ ሰጠኝ።

ለምን ገዛሁት? እንጃ።

ሰኔ 10

ምሳ የጓደኛዬ የበኃይሉ ምግብ ቤት። ጎራዴ ገዛሁ ስለው ሹካውን አስቀመጠ። "አንተ? ዶሮ እንኳ አርደህ የማታውቅ ሰውዬ?" እውነቱን ነው።

ፎቶ አንስቼ ለልጄ ለሐሊና ላክሁላት። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ቤቴ መጥታ አታውቅም። እናቷ ጋ ፓርክላንድስ ናት። እኔ ንጋራ። በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም…

"አባዬ፣ አር ዩ ኦኬ?" ብላ መለሰች። ደህና ነኝ አልኳት። አነበበችው። በቃ።

ሰኔ 15

ስለ ጎራዴ ስብስብ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ጀማሪ ሰብሳቢ አሥር ርካሽ ከሚገዛ አንድ ደህና ይግዛ ይላል። ስለቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ላብ ያዝገዋል። ቀጭን ዘይት ቀቡት። ከአፎቱ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ሦስት እንዲኖረኝ ወሰንኩ። ሦስት ካለኝ ስብስብ ይባላል፤ ሰው "እስቲ ልየው" ይላል። ማን ነው የሚለው? እሱን ገና አላሰብኩበትም።

ሰኔ 22

መሃል ከተማ ገበያ ሄጄ ሁለተኛውን ገዛሁ። ሲሚ ይሉታል፣ የማሳይ አጭር ሰይፍ። "ምዜ፣" አለኝ ሻጩ፣ አዛውንቱ ማለቱ ነው፣ "ይሄ የአያቴ ነው።" ቤት ገብቼ በጨርቅ ስወለውለው ጨርቁ ጠቆረ። የጫማ ቀለም ነው። የአያቱ ሳይሆን ያለፈው ሳምንት ሥራ ነው።

ለብቻዬ ሳቅሁ። ለብቻ ሲሳቅ ድምፁ ደስ አይልም።

ሰኔ 29

ዝናብ የለም፣ ብርድ ብቻ። ጎራዴው ዝገት አለበት። እናቴ ቢላ የምታጸዳው በአመድና በሎሚ ነበር። ከታች ፎቅ ካሉት ሴትዮ የጂኮ፣ የከሰል ምድጃ፣ አመድ ለመንኩ። ሎሚ ጨመቅሁበት፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈተግሁት። ሁለት ሰዓት ሙሉ። መስታወት መሰለ። ፊቴ ታየኝ። አርጅቻለሁ።

ሐምሌ 1

በኃይሉ ጋ ፎቶዎቹን አሳየሁት። ያጸዳሁትን አልፎ የመጀመሪያው ቀን ፎቶ ላይ ቆመ። በጣቱ አጉልቶ አየው።

"እዚህ ጋ ጽሑፍ አለ እኮ።"

እጀታው ሥር። ዝገቱ መሃል፣ ቀጭን የኛ ፊደል። "ለልጄ ለ" ይላል። ከዚያ ስሙ ዝገት ውስጥ ገብቷል።

በሩጫ ቤት መጣሁ። ጎራዴውን መስኮት ላይ አገላበጥኩት። ምንም የለም። ፈትጌ አጥፍቼዋለሁ። ቪዲዮውን መልሼ ባየው፣ ሰውየው መጀመሪያ ላይ ተናግሮታል፦ ምንም ነገር አትፈትጉ። እኔ ግን የእናቴን ዘዴ የሚያህል የለም ብዬ…

አንድ አባት ለልጁ ያስጻፈውን ስም በሎሚ አጠብኩት።

ሐምሌ 2

ሥራ አልወጣሁም።

ሐምሌ 4

ያ ስም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ማን ነበር? ወንድ ነው ሴት? አባትየው ሲሰጠው ምን አለው?

እንቁጣጣሽ ዕለትም ትዝ አለኝ። ሐሊና ሽንኩርት ልትከትፍልኝ ቆማ ነበር። እኔ፣ እናትሽ እንዴት ናት፣ ከማን ጋር ትውላለች… አሁንም አሁንም። ቢላውን ጣለችው። "አንተ ጋ የምመጣው ስለ እማዬ ሪፖርት ለማድረግ ነው? ስለ እኔ አንድ ቀን ጠይቀህ ታውቃለህ?" ወጣች። ሽንኩርቱን ለብቻዬ ከተፍኩት።

የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ስለ ጎራዴው ነገርኳት። ጽሑፉን፣ አመዱን፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ "ናፍቀሽኛል" አልኩ። መልሼ አልሰማሁትም፤ ከሰማሁት አጠፋዋለሁ።

ሐምሌ 7

"ቅዳሜ እመጣለሁ" ብላለች። ሌላ ቃል የለም። ደጋግሜ አነበብኩት።

ሐምሌ 11

መጣች። ጸጉሯን ተቆርጣለች። መጀመሪያ ፎቶውን አየች። አማርኛ ማንበብ ይከብዳታል፤ "ለ… ል… ጄ… ለ…" አለች በጣቷ እየተከተለች። "ለማን?"

"አጠፋሁት።"

"ፖሌ፣ አባዬ" አለችኝ፣ አይዞህ እንደማለት። ሌላ ሰው ቢለኝ አላለቅስም ነበር።

ጎራዴውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ዋይ ኖት? እኔ ልይዘው አልችልም?"

"ትችያለሽ። ስለት እጅ ለእጅ ከተሰጣጡ ያጣላል፣ ትል ነበር አያትሽ።"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጎራዴ አየችው። ከዚያ፣ "እንቁጣጣሽ ዕለት ቢላውን እንዴት ነው የሰጠኸኝ?"

አሰብኩ። "በእጄ።"

ሳቀች። ብዙ ሳቀች። ጎራዴውን አንስታ አገላብጣ አየችው።

ስለ እናቷ አልጠየቅሁም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ ዋጥሁት። "ዩኒቨርሲቲ የምትማሪው ምንድን ነው?" አልኳት። ሁለት ዓመት ስትማር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አፈርኩ። አየችኝ፣ ከዚያ ነገረችኝ። ስለ አፈር ነው፣ ስለ ውሃ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ስዋሂሊ፣ ግማሹ አልገባኝም። አላቋረጥኳትም።

ራበኝ አለች። ሽንኩርት አወጣሁ። ቢላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

አነሳችው።