የቀረችው አንድ ዱላህ

ሱሌዬ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ።

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ ሆዴ አልችል አለ። የምጽፍልህን ነገር ለልጃችን ለሐያት እንኳ አልነገርኳትም።

ቤቱ ደህና ነው። ሐያት አግብታ ወጥታለች። ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። ምን አለሽ ተራ እንደምታውቀው ነው፤ ብረት ሲቀጠቀጥ ውሎ ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ ያድራል። አንተ በምትተኛበት በኩል እስካሁን አልተኛሁም።

እነዚያን ዱላዎች መቼም አትረሳቸውም። ከሐራጅ ዕቃ ጋር ጫፋቸው የተቆለመመ ሃያ አራት ዱላ በጋሪ አስጭነህ መጣህ። ገና እየደረሰ ነው፣ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሻማበታል አልክ። መዶሻና አካፋ የሚሠራው ጎረቤታችን ጋሽ ተካ ሆዱን ይዞ ሳቀብህ፤ የገና ዱላ ከዛፍ ይቆረጣል እንጂ ከመቼ ወዲህ ነው ከሱቅ የሚገዛው አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ አንድም አልተሸጠም። አንዷን አንስተህ የሱቁን ሸራ ደገፍክባትና ይኸው አንዷ ሥራ አገኘች አልክ። የእኔ ሳቅ ግን እያደር ንዴት ሆነ። ያን ቀን ጠዋት ተደናቅፌባቸው ልወድቅ ስል፣ ዱላህን ታቅፈህ ተቀመጥ ብዬህ ወጣሁ። እኩለ ቀን ሳይሆን ልብህ ቆመ። ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ለኖረ ባሌ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኼ ነው።

አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተቀምጬ ዒዳዬን ጨርሼ ሱቁን የከፈትኩ ዕለት ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እነሱ ላይ ነው። ላያቸው አልቻልኩም። ጋሽ ተካን ጠርቼ ውሰድልኝ አልኩት። ቀጥ ያለውን ቆርጦ የመዶሻ እጀታ አደረገው፤ ቆልማማውን ጫፍ በማዳበሪያ ሞልቶ መለሰልኝ። ማገዶ አደረግኩት። ምስር ወጥ ሠራሁበት፣ ሱሌ። የተረፈችው ሸራውን የደገፈችው ብቻ ናት።

ወር ሳይሞላ አንዲት ወጣት ሱቁ በር ላይ ቆማ ወደ ላይ ታያለች። ዕቃ ልትሰርቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የምታየው ዱላዋን ነው። ረድኤት ትባላለች። እትዬ፣ ይኼ እኮ የሆኪ ዱላ ነው፣ ሌላ አላችሁ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እሑድ እሑድ ከአውቶቡስ ተራ ወዲያ ባለው ትምህርት ቤት ሜዳ ከጓደኞቿ ጋር እንደምትጫወት ነግራኝ ጋበዘችኝ።

የሄድኩት አንተ የገዛኸው ነገር ምን እንደነበር ልወቅ ብዬ ነው። እኔ ስለ ጨዋታ ምን አውቃለሁ? አንተ ኳስ ስታይ ቴሌቪዥኑን እየዘጋሁብህ ስንቴ ተጣልተናል። የእነሱ ኳስ ትንሽ፣ ጠንካራ ናት፤ ጎንበስ ብለው በዱላ እየገፉ ይሮጣሉ፣ በእግር መንካት ክልክል ነው። መጀመሪያ ቅልጥማቸው እንዳይሰበር ስሳቀቅ ቆየሁ። ረድኤት ሦስት ተከላካይ አልፋ ጎል ስታገባ ግን ብድግ ብዬ እልል አልኩ፤ የወደቀ ሻሼን ያነሳልኝ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ ቀርቼ አላውቅም። ዳኛ እሰድባለሁ ብልህ ታምነኛለህ? ጋሽ ተካ፣ ካረጁ አይበጁ ይለኛል። ሐያት ደግሞ አባቴ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሰው ምን ይላል ብላ አለቀሰችብኝ። የረሳሁህ ይመስላታል።

ደስ ይለኛል፣ ግን እንቅልፍ የለኝም። ልጆቹ የሚበቃቸው ዱላ የላቸውም። የምትወጣው ለምትገባው እያቀበለች ነው የሚጫወቱት፤ ሦስት አራቱ ሜዳ ዳር ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ባየኋቸው ቁጥር ያ ማዳበሪያ ትዝ ይለኛል። አንተ ዕቃውን አልተሳሳትክም ነበር፤ ገዢዎቹን ብቻ ነው ያላወቅካቸው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ልጆቹ እናታችን እያሉ ወንበር ያመጡልኛል፤ እኔ ግን ማቃጠሌን አልነገርኳቸውም። የቀረችውንም ሲለምኑኝ ሸራው ይወድቅብኛል ብዬ ከለከልኳቸው። እጅህ ያቆማት እሷን ብቻ ነዋ።

ባለፈው እሑድ የረድኤት ዱላ ከመሃሉ ተሰበረ። ሌላ አልነበረም። ጨዋታው ሳያልቅ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስባሪውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የጓደኞቿን ጨዋታ ታያለች። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሱቁን ስዘጋ ዱላዋን አወረድኳት። ያሰርክበት ሲባጎ አልፈታ ብሎ ጥፍሬን ሰበረኝ፤ ቋጠሮህ ድሮም እንደዚያ ነው። ሲባጎውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ሸራው ዘሟል፣ ሰኞ ጋሽ ተካ ብረት ይተክልልኛል። ነገ ዱላዋን ለረድኤት ሰጥቼ የሃያ ሦስቱንም ነገር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ እናታችን ይበሉኝ አይበሉኝ አላውቅም። ፈርቻለሁ።

አንተ ግን ያን ጠዋት ስለተናገርኩህ አፉ በለኝ። እስከዛሬ እልል ስል ለማን እንደሆነ ማንም አያውቅም ነበር። ነገ ዱላህ ኳሷን ስትመታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሐያትም ትስማ፣ ሱሌማን ብዬ እጮኻለሁ። እግሬ እዚያ ሜዳ እስካደረሰኝ ድረስ በየእሑዱ እጠራሃለሁ።

ሚስትህ ዘሃራ